ማዳበሪያ የለበሰው ታፔላ

ሶዶ ከተማ ውስጥ ታፔላው ማዳበሪያ የለበሰበት ሰው ብትፈልጉ ከእኔ ሌላ አታገኙም ነበር። ታፔላው ላይ በሰማያዊ ቀለም፣ ከሩቅ እንዲነበብ ሆኖ፣ «የውስጥ ዲዛይን ሥራ» ተብሎ ተጽፏል። ይህን የምናውቀው ግን እኔና የጻፈው ሰው ብቻ ነን። ገና ቀለሙ በቅጡ ሳይደርቅ ከንግድ ጽሕፈት ቤት የመጡ ሰዎች አንጋጠው አዩትና «የብቃት ማረጋገጫህን እስቲ አሳየን» አሉኝ። «ሊደርስ ነው» አልኳቸው፣ በአውቶቡስ እንደተላከ ዕቃ። «እንግዲያውስ እስኪደርስ ይሸፈን» አሉ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ነቅለው ሊወስዱት ሲችሉ ይሸፈን አሉ። እኔም አማቴ ዝንጅብል ያመጡበትን ማዳበሪያ አለበስኩትና ግራና ቀኙን በሲባጎ አሰርኩት።

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሰላምታ ተለወጠ። ድሮ «ሳሮ?» ብሎኝ የሚያልፈው ሰው ሁሉ አሁን መጀመሪያ ማዳበሪያውን ያይና «ገና ነው?» ይለኛል። የባጃጅ ሾፌሮችማ ፌርማታ አደረጉት። «ማዳበሪያው ጋ ወራጅ አለ!» ሲባል ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ሰው በአባቱ ስም ይጠራል፣ በሥራው ይጠራል፤ እኔ በማዳበሪያ ተጠራሁ።

ማዳበሪያው የሚወርደው ደግሞ ሲኦሲ የምንለውን የብቃት ምዘና ሳልፍ ብቻ ነው። አንዴ ተፈትኜ ወድቄያለሁ። በጽሑፉ አይደለም የወደቅኩት፤ በጽሑፉስ ስለ ቀለም ቅንብር የጻፍኩትን ያየ ሰው ቀስተ ደመናን እኔ የቀባሁት ይመስለዋል። የወደቅኩት በተግባሩ ነው። አንድ ክፍል ሰጥተው «ሳሎን አድርገው» አሉኝ። አደረግኩት። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው ተናቦ ሲያምር እኔ ራሴ ፈዝዤ ቀረሁ። መዛኙ ከውጭ ሊገባ በሩን ሲገፋው ግን እምቢ አለው። ትልቁን ሶፋ በሩ ጀርባ አስደግፌው ኖሯል። በጠባቧ ክፍተት አንገቱን ብቻ አስገብቶ «ደንበኛህ በየት በኩል ይውጣ?» አለኝ።

«ቤቱ እንዲህ አምሮ ለምን ይወጣል?» አልኩት።

ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ «ገና ብቁ አይደለም» ብሎ ጻፈብኝ። «ገና» የምትለዋን ቃል ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ ከባዶ ትሻላለች። ሲሸኘኝ አንድ ምክር ሰጥቶኝ ነበር። «አንተ ዕቃውን እንጂ ቤቱን አታይም። አንድ ሳሎን ሙልጭ አድርገህ ባዶ አውጣና እየው፤ ሰው በየት እንደሚገባ፣ በየት እንደሚያልፍ ያኔ ይገባሃል» አለኝ። ምክሩ ጥሩ ነበር። ጥሩ ምክር ለማን እንደሚሰጥ ማየት ደግሞ የመካሪው ፋንታ ነው።

አሁን ስለ አማቴ ስለ ጋሽ አንጁሎ ልንገራችሁ፤ ያለ እሳቸው ወጉ አይቆምም። ጋሽ አንጁሎ ልጃቸውን የዳሩልኝ ሶፋ እሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። ሶፋ ሠሪ ይገባቸዋል፤ ቁጭ ብለው ሞክረውት፣ በጡጫ ደቅደቅ አድርገው «ሎኦ፣ ጥሩ፣ ጠንካራ ነው» ብለዋል። ዲዛይን መማር ስጀምር ግን ተከፉ። «ሶፋው መጣ፣ ተቀመጠ፣ አለቀ። ይሄ ደግሞ ፈተና አለው እንዴ?» ይሉኛል። ሰው ፊት ደግሞ «ወንበር አዟሪው አማቼ» ብለው ያስተዋውቁኛል። በዚህ ላይ የታፔላዬ ልብስ የእሳቸው ማዳበሪያ ነው። በመጡ ቁጥር ቀና ብለው እያዩ «ማዳበሪያዬን መቼ ነው የምትመልሰው?» ይላሉ። ጥያቄው ስለ ማዳበሪያው እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በድጋሚው ፈተና ብወድቅ ወደ ሶፋ ቤቱ እመለሳለሁ ብዬ ለባለቤቴ ቃል ገብቼ ነበር። እሷ እንኳ አላስገደደችኝም። ግን ሰው በማዳበሪያ ሥር እስከ መቼ ይኖራል?

ፈተናው ሰኞ ነው። የእኔ ቤት አንድ ክፍል ስለሆነ ባዶ ላውጣው ብል እኔና ባለቤቴም ዕቃ ሆነን መውጣታችን ነው። ሰፊ ሳሎን ያለው ጋሽ አንጁሎ ቤት ነው። እሳቸውና አማቴ አዬ (ባለቤቴ እናቷን እንደምትጠራት እኔም አዬ ነው የምላቸው) በቆሎ ለመሰብሰብ ቤሌ ወርደዋል። ዶሮዎቹን እንድንመግብ ቁልፉን ለእኛ ሰጥተውናል። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ አራስ ልትጠይቅ ወደ አረካ ስትሄድ እኔ ቁልፉን ይዤ ወደ አማቶቼ ሳሎን ገሰገስኩ። ዶሮዎቹን መግቤያለሁ፤ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

ሶፋዎቹን አንድ በአንድ እየጎተትኩ ወደ ግቢው አወጣሁ። ቡፌውን አወጣሁ። ቴሌቪዥኑን በአንሶላ ሸፈንኩ። የግድግዳውን ፎቶግራፎች አወረድኩ፣ መጋረጃውን አወለቅኩ፣ ምንጣፉን ጠቀለልኩ። ስልኬ እንዳይረብሸኝ ብዬ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና ቡፌውን በሸራ አለበስኩት። የስንት ዓመት አቧራ እንደተነሳ አትጠይቁኝ። ዓይኔ ቀልቶ እንባዬ ይወርዳል፣ አፍንጫዬም ተከተለው። ራሴን በፎጣ ጠመጠምኩ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ጋሽ አንጁሎ የሚጋደሙበትን ረጅሙን አግዳሚ መለካት ጀመርኩ። የለካሁትን እንዳልረሳ ጮክ ብዬ የመናገር ልማድ አለኝ።

«ቁመት ሁለት ሜትር!» አልኩ ለራሴ። «ወርዱ ስልሳ ይበቃል!»

ቀና ስል ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ በአጥሩ ላይ ያዩኛል። መጀመሪያ የወጣውን ሶፋ አዩ፣ ቀጥሎ ራቁቱን የቀረውን መስኮት አዩ፣ ቀጥሎ የቀላውን ዓይኔንና በእጄ ያለውን ሜትር አዩ። ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው «ውይ! ውይ! ውይ!» አሉና ጠፉ። እኔ ሶፋው እንዲህ ማርጀቱ አሳዝኗቸው ነው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

በአገራችን ማለዳ ላይ የሳሎን ዕቃ ወደ ግቢ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። እኔም አውቃለሁ። ስንት ለቅሶ ቤት ሶፋ አብሬ ተሸክሜ አውጥቻለሁ! ግን ፈተና ያለበት ሰው ጭንቅላቱ እንደተቆለፈ ክፍል ነው።

ባዶው ሳሎን መካከል ቆሜ ሰው በየት እንደሚያልፍ ሳስብ ሰው ማለፍ ጀመረ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ፊት ፊት እያለቀሱ ገቡ። ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች፣ ከነሱ ኋላ ወንዶቹ። አንዷ አንገቴን አቅፋ ተንሰቀሰቀች። እኔ ደነዘዝኩ። ምን ብዬ እንዳሰብኩ ልንገራችሁና ፍረዱኝ። መርዶ በደረቁ አይነገርም፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ተሰብስቦ ይመጣል፣ ባለቤቱ ሰውን ሲያይ ይረዳል። እና ይሄ ሁሉ ሰው ወደ እኔ የመጣው መርዶ ይዞ ነው ብዬ አሰብኩ። ጋሽ አንጁሎ ቤሌ ናቸው፣ ክረምቱን ሙሉ ሲያስላቸው ከርሟል፣ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ከትቻለሁ...

«ጋሽ አንጁሎ!» ብዬ ጮኼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ይህን ስል ለቅሶው ቀለጠ። እስከዚያች ደቂቃ ማን እንደሞተ የሚያውቅ ሰው እንዳልነበረ ኋላ ነው የሰማሁት። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ማን ነው የሞተው?» ማለት ነውር ነው፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ስሙ ከለቅሶው መሃል ይገኛል። ስሙን እኔ ሰጠኋቸው። እነሱ የእኔን እንባ አይተው አመኑ፣ እኔ የእነሱን አይቼ አመንኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ አቧራው የጀመረውን እንባ ሐዘኑ ተቀብሎ አወረደው። እውነቴን ነው፣ እኚያን ሽማግሌ ለካ እወዳቸው ኖሯል። ወንበር አዟሪ ይበሉኝ፣ ምንም ይበሉኝ፣ ብቻ ይኑሩ እያልኩ አለቀስኩ።

ጥሩምባ ተነፋ። የእድራችን ዳኛ አቶ ዶላ ድንኳኑንና አግዳሚዎቹን አስጭነው ከች አሉ። ባዶውን ሳሎን ሲያዩ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ይሄን ሁሉ ብቻህን አወጣህ? እንዲህ ዓይነት አማች የት ይገኛል?» አሉኝ። የእድሩ ሰው እኔን ሲያመሰግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ቆመ፣ ንፍሮ ተጣደ። ከሸራው ሥር ቡፌው ደጋግሞ ይዘፍናል። ስልኬ ነው፤ የማን ስልክ እንደሆነ ለማሰብ ልብ ያለው ግን አልነበረም። «ያን ቴሌቪዥን ዝም አሰኙት እንጂ፣ ለቅሶ ቤት አይደለም እንዴ?» አሉ አንድ አባት፤ አንሶላ የለበሰው ቴሌቪዥን ደግሞ ገመዱ ከተነቀለ ቆይቷል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በሐዘኑ መካከል ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። ሰዉ ይገባል፣ በግድግዳው ዙሪያ በአግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ መሃሉ ክፍት ነው። ንፍሮ የያዘችው ታልፋለች፣ ውሃ የያዘው ያልፋል፣ ምርኩዝ የያዘውም ያልፋል፤ ማንም ማንንም አይገፋም። በር አጠገብ ሊቀመጥ ያሰበ ሰው ቢኖር ከሦስት በኩል «ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ፣ ሰው ይመጣል» ይባላል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳሎኑን ሲሞላው ሳሎኑ አልጠበበም። እኔ በአንድ ሶፋ ዘግቼው ነበር እኮ! ወዲያው በራሴ አፈርኩና አማትህ ሞተው ስለ በር ታስባለህ እንዴ ብዬ እንደገና አለቀስኩ።

ከሰዓት በፊት አቶ ዶላ ቤሌ ወዳለው ወደ ጋሽ አንጁሎ የወንድም ልጅ ደወሉ። አስከሬኑ መቼ እንደሚነሳ ሊጠይቁ ነው።

«ሰምታችኋል አይደል?» አሉ።

«ምኑን?» አለ ልጁ።

አቶ ዶላ ስልኩን በእጃቸው ሸፈን አድርገው «ቤተ ዘመዱ ገና አልተረዳም!» ብለው ሹክ አሉን። ከዚያም በረጋ ድምፅ «ምንም አይደለም። ትንሽ ችግር ነው። ሶዶ ቤት ሰው ተሰብስቧል፤ አዬን ያዝና በመጀመሪያው መኪና ና። ለእሷ እንዳትነግር» ብለው ዘጉ። አያችሁ ጨዋነት? ያ ልጅ እኮ ያን ጊዜ ከጋሽ አንጁሎ ጋር በቆሎ እየሸለቀቀ ነበር።

በኋላ እንዳጫወቱን፣ ልጁ ለጋሽ አንጁሎ «ሶዶ ትንሽ ችግር አለ» ይላቸዋል። ትንሽ ችግር ሲባል ትልቅ መሆኑን የማያውቅ ሽማግሌ የለም። አረካ ወዳለችው ልጃቸው ደወሉ፤ አነሳች፤ ደህና ናት። ወደ እኔ ደወሉ፤ አላነሳሁም። ደግመው ደወሉ፤ አላነሳሁም። ስልኩ የሚጮኸው ቡፌው ውስጥ ነበር። ጋሽ አንጁሎ በቆሎውን ከእጃቸው ጣሉት።

ቀኑ ገደድ ሲል እኔ ሳሎኑ ጥግ በግንባሬ ተደፍቼ ሳለሁ ከበር ውጭ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ።

«ልጄን! ቤት አሳማሪውን ልጄን! ወንበር አዟሪ እያልኩ የሰደብኩት! ታፔላው ማዳበሪያ እንደለበሰ የሄደው! እጁ ወርቅ የነበረውን ልጄን!»

ግቢው ውስጥ ጩኸት ሆነ። ይሄኛው ጩኸት የለቅሶ አልነበረም። እትዬ ብርቄ «በኢየሱስ ስም!» ብለው የድንኳኑን ምሰሶ ሲያቅፉ ምሰሶውም ድንኳኑም አብረዋቸው ወደቁ። የንፍሮው ድስት ተገለበጠ። አቶ ዶላ ለስንት ዓመት እድር ሲመሩ ሟች በእግሩ መጥቶ አያውቅምና፣ ባሉበት ቆመው ቀሩ።

እኔስ? ሙት ሲጠራህ አቤት አትበል ሲባል ነው ያደግኩት። ግን የአማቴ ድምፅ ነው፤ አማት ሲጠራ ዝም አይባልም።

«አቤት!» አልኩ።

ብድግ ብዬ ወደ በሩ ሮጥኩ፣ እሳቸውም ወደ በሩ ሮጡ። በሩ ላይ ምንም ስላልነበረ፣ ሶፋም አግዳሚም ስላልነበረ፣ ማንም ሳያደናቅፈን ተገናኘን። ፊቴን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት። ጺሜን ጎተቱት።

«አለህ?»

«አለሁ። እርስዎስ?»

«እኔማ አለሁ» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ድንኳኑን አዩ፣ ንፍሮውን አዩ፣ ነጠላ የዘቀዘቀውን ሕዝብ አዩ። «ታዲያ የሞተው ማን ነው?»

ቀኑን ሙሉ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ የጠየቁት ሟቹ ራሳቸው ናቸው። እትዬ ብርቄ ከወደቀው ድንኳን ሥር ብቅ ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። «እሱ ዕቃ አወጣ! የአስከሬን ሳጥን ለካ!»

«ለፈተና ነው» አልኩ በቀጭን ድምፅ። «መዛኙ ነው ባዶ አድርገው ያለኝ።»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ አንጁሎን ተከትለው የገቡት አዬ ናቸው። እየሳቁ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ እየሳቁ ጋሽ አንጁሎን እጃቸውን ያዙ፣ እጃቸውን እንደያዙ ደግሞ ማልቀስ ጀመሩ። «ተመስገን! ጌታ ሆይ፣ ሁለቱም አሉ!» ይላሉ። እኔም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። እፎይታ እንዲህ የሚያደክም አይመስለኝም ነበር። ወዲያው ባለቤቴ ወሬ ሰምታ ከአረካ ደረሰች፤ አባቷን አቀፈች፣ እኔን አቀፈች፣ ካቀፈችኝ በኋላ በጀርባዬ አንድ ጊዜ በጡጫ ደቃችኝ። ድንኳኑ እንደገና ቆመ፤ የመጣ ሰው ዝም ብሎ አይበተንም ተብሎ በዚያው የምስጋና ጸሎት ተደረገ። ከድስቱ የተረፈውን ንፍሮ በዳጣ በላነው። ለቅሶ ቤት በሳቅ ንፍሮ ሲያንቀው ያያችሁት ሰው ካለ ያ ሰው እኔ ነኝ።

አቶ ዶላ ግን ሕግ አዋቂ ናቸውና ከምርቃቱ በኋላ ተነሱ። «ላልሞተ ሰው ጥሩምባ ተነፍቷል። ይሄ በእድራችን ታሪክ የለም። ስለዚህ ዕቃውን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ራስህ ትመልሳለህ፤ ደንብ ባለው መንገድ። ተፈታኝ አይደለህም?» አሉ።

ሰፈሩ ሁሉ መዛኝ ሆኖ በግድግዳው ዙሪያ ተቀመጠ። ሶፋ ባስገባሁ ቁጥር ሃያ አፍ ይከፈታል። «ወደ ግራ!» «ኧረ መስኮቱን ጋረደው!» «እዚህ ጋ ምርኩዝ የያዘ እንዴት ይለፍ?» ጋሽ አንጁሎ ራሳቸው በሩ ላይ ቆመው፣ አንድ ዕቃ በገባ ቁጥር በሩን እስከ መጨረሻው ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል። ቢነካባቸው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ እኔም እጎትታለሁ። ሳሎኑ ሲጠናቀቅ አዬ ዙሪያውን ዞረው አዩና «ቤቴ ሰፋ እንዴ?» አሉ።

ሰኞ እንደ መታደል ያው መዛኝ ነው የመጣው። «እንግዳ የሚበዛበት ቤት ሳሎን ነው፤ ሥራው» ብሎኝ ወጣ። ልቤ ያን ግድግዳ የሞላ ሕዝብ ያያል። ዕቃውን ወደ ጥግ፣ መሃሉን ለሰው፣ በሩን ለሚመጣው። ሰዓቱ ሲሞላ መዛኙ ከውጭ በሩን ገፋው። በሩ ያለ አንዳች ኮሽታ ግድግዳው ድረስ ሄደ። ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው፤ እንደ ጋሽ አንጁሎ።

«ይሄን የት ተማርክ?» አለኝ።

«ለቅሶ ላይ።»

«ወይ! እግዚአብሔር ያጽናህ። የማን ለቅሶ?»

«የአማቴ» አልኩት። «የእኔም ነበረበት።»

ብዙ አፈጠጠብኝ። ከዚያ «ብቁ» ብሎ ጻፈ። «ገና» የምትለዋ ቃል የለችበትም። ከምዘናው ግቢ ስወጣ ባጃጅ መጥራት ረስቼ በእግሬ ነው የመጣሁት፤ የዳሞታ ተራራ እንኳ ዝቅ ብሎ ታየኝ።

ወረቀቱ እጄ በገባ ዕለት መሰላል ይዤ ልወጣ ስል ጋሽ አንጁሎ ከለከሉኝ። «ማዳበሪያው የእኔ ነው» ብለው ራሳቸው ወጡ። ሲባጎውን በቢላዋ በጠሱት፣ አቧራውን አራገፉ፣ ማዳበሪያውን አጣጥፈው በብብታቸው ሸጎጡት። ዝንጅብል ይጠብቀዋል። መሰላሉ ላይ እንደቆሙ ታፔላውን ቀስ ብለው አነበቡት። ከታች አንድ ባጃጅ «ማዳበሪያው ጋ ወራጅ አለ!» ብሎ አለፈ፤ ይሄስ እኔ ብሞትም የማይቀር ነው።

ጋሽ አንጁሎ ወረዱና መሰላሉን ይዤ ከቆምኩበት አጠገብ ቆሙ።

«ያን ቀን እያለቀስኩ ያልኩትን ሰምተሃል?» አሉኝ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው።

«ሰምቻለሁ።»

«ሁሉንም?»

«እጁ ወርቅ እስከሚለው ድረስ።»

«በቃ» አሉ ማዳበሪያቸውን ወደ ላይ ሳብ እያደረጉ። «ሁለተኛ አልደግመውም።»

«ግድ የለም» አልኳቸው። «በሕይወት እያለሁ ሰምቼዋለሁ።»